የፖስትግሬስ ፎልደር ለሁሉም ክፍት ሲሆን፦ የይለፍ ቃሉ ለምን አያድንም፣ ምንስ መደረግ አለበት

ጥያቄ፦ «የምሠራበት ድርጅት የሂሳብና የንብረት ሶፍትዌር የሚጠቀመው ፖስትግሬስ 11.2 የተባለውን የዳታቤዝ ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 ላይ፣ ዲ ድራይቭ ውስጥ ‹ፒጂ11› የሚል ፎልደር ከፍተን በኢንተርፕራይዝዲቢ ኢንስታለር ነው የጫንነው። በቅርቡ የመጣ የሲስተም ኦዲተር ‹የዳታቤዙ ፎልደር ለማንኛውም ተጠቃሚ ክፍት ነው› ብሎ በከባድ ግኝትነት መዘገበው። እውነት ነው፤ አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰርቪሱ አልነሳ ስላለን ለ‹ኤቭሪዋን› ‹ፉል ኮንትሮል› ሰጥተን ነበር። ግን ዳታቤዙ ጠንካራ የይለፍ ቃል አለው፤ ፖርት 5432ም ከውጭ በፋየርዎል ተዘግቷል። በእርግጥ አደጋ አለው? ወደ 11.22 ማሳደግ ይበቃል ወይስ እንደ አዲስ መጫን አለብን?»

አደጋ አለው። ኦዲተሩ አላጋነነም፤ ወደ 11.22 ማሳደግም ብቻውን ችግሩን አይዘጋውም። ምክንያቱ ካልታየ መፍትሔው በግማሽ ስለሚቀር ከዚያው እጀምራለሁ።

የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ፖስትግሬስ ራሱ ነው። ፋይሎቹን በቀጥታ የሚከፍት ሰው ግን ፖስትግሬስን አያነጋግርም፤ የሚያነጋግረው ዊንዶውስን ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ የሚያየው የፎልደሩን የፈቃድ ዝርዝር ብቻ ነው። ፋየርዎሉም ከኔትወርክ የሚመጣውን እንጂ እዚያው ማሽን ላይ የገባውን አያግድም። ስለዚህ ጥያቄው «ወደ 5432 ማን ይደርሳል?» ሳይሆን «በዚህ ሰርቨር ላይ ፕሮግራም ማስኬድ የሚችለው ማን ነው?» የሚል ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ሰርቨር የሚባለው ማሽን ገንዘብ ያዧ ደረሰኝ የምታትምበት፣ ሦስት አራት ሰው በሪሞት ዴስክቶፕ የሚገባበት፣ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ነው። ከእነዚህ ሰዎች በአንዱ አካውንት የገባ ቫይረስ ያ ሰው በፎልደሩ ላይ የሚችለውን ሁሉ ይችላል።

የሚችለው ነገር ደግሞ ብዙ ነው። በዳታ ፎልደሩ ውስጥ ያለው «ፒጂ ኤችቢኤ» የሚባለው ፋይል ማን፣ ከየት፣ በምን ማረጋገጫ እንደሚገባ ይወስናል። አንድ መስመር ጨምሮ የማረጋገጫውን ዘዴ «ትረስት» ያደረገ ሰው ያለ ይለፍ ቃል የዳታቤዙ ሱፐርዩዘር (ሁሉን ማድረግ የሚችል ተጠቃሚ) ሆኖ ይገባል። ሊኑክስ ላይ ለውጡ እንዲሠራ ሰርቨሩ ሪሎድ መደረግ (ቅንብሩን ዳግም ማንበብ) አለበት፤ ዊንዶውስ ላይ ግን ቀጥሎ በሚመጣው ኮኔክሽን ወዲያውኑ ይሠራል። ጉዳዩን ጨርሶ መስመሩን ካጠፋው በኋላ ፋይሉ ላይ የሚቀረው የተቀየረበት ሰዓት ብቻ ነው። እዚያው ያለው ዋናው የኮንፊግ ፋይል ደግሞ «ሼርድ ፕሪሎድ ላይብረሪስ» የሚል ቅንብር አለው፤ እዚያ ስሙ የተጻፈ ዲኤልኤል (ሌላ ፕሮግራም የሚጭነው የኮድ ፋይል) ሰርቪሱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ አብሮ ይጫናል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ «የሚቀጥለው ጊዜ» ሩቅ አይደለም።

የፕሮግራሙ ፋይሎች የሚቀመጡበት የ«ቢን» ፎልደር አደጋ ከዚህ ይለያል። አንድ ፕሮግራም ዲኤልኤል ሲፈልግ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚያየው ራሱ የተቀመጠበትን ፎልደር ነው። ስለዚህ አጥቂው ያለውን ፋይል መቀየር እንኳን አያስፈልገውም፤ ተስማሚ ስም ያለው አዲስ ፋይል መጨመር ይበቃዋል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው የፈቃድ ዝርዝሩን አይቶ «ተራ ተጠቃሚ መፍጠር እንጂ መቀየር አይችልም» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። መፍጠር መቻል በቂ ጥቃት ነው። የተጫነው ኮድ የሚሠራው በሰርቪሱ አካውንት ሥልጣን ነው፤ ኢንስታለሩ የሚመድበው «ኔትወርክ ሰርቪስ» ሌላውን ተጠቃሚ መስሎ የመሥራት መብት ስላለው፣ ከዚያ ወደ «ሲስተም»፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ከፍተኛ ሥልጣን መሸጋገር በአጥቂዎች ዘንድ የታወቀ መንገድ ነው። ነገሩ ከዳታቤዙ አልፎ ሙሉ ሰርቨሩን ይጨምራል ማለት ነው።

ምንም ሳይነካ ማንበብ ብቻ የሚችል ሰውም ይጎዳችኋል። የዳታ ፎልደሩን ቀድቶ በራሱ ኮምፒውተር ላይ፣ በራሱ «ትረስት» መስመር ሊያስነሳው ይችላል። በፖስትግሬስ 11 የይለፍ ቃሎች በነባሪው የሚቀመጡት በኤምዲ5 ሃሽ (ከይለፍ ቃሉ ተሰልቶ በሚወጣ ኮድ) ነው፤ በኤምዲ5 ማረጋገጫ ደግሞ የተቀመጠው ሃሽ ራሱ እንደ ይለፍ ቃል ያገለግላል። «ጠንካራ የይለፍ ቃል አለን» የሚለው መከላከያ ሃሹ ከተነበበ ዋጋ የለውም።

ይህ የእናንተ ስህተት ብቻ አይደለም፤ መነሻው ከኢንስታለሩ ነው። ዊንዶውስ ላይ አዲስ ፎልደር ፈቃዱን የሚወርሰው ከተፈጠረበት ቦታ ነው። «ፕሮግራም ፋይልስ» ጥብቅ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ ማንበብና ማስኬድ እንጂ መጻፍ አይችልም። የድራይቭ አናት ግን ልቅ ነው፦ በዊንዶውስ 10 ዓይነቶቹ ላይ ማንኛውም የገባ ተጠቃሚ አናቱ ላይ በተከፈተ ፎልደር ውስጥ መቀየር ይችላል፤ በሰርቨር ዓይነቶቹ ደግሞ «ዩዘርስ» የሚለው ቡድን ፋይልና ፎልደር መፍጠር ይችላል። ከ2019 አጋማሽ በፊት የነበሩት ሁለቱ የዊንዶውስ ኢንስታለሮች፣ የኢንተርፕራይዝዲቢውም የቢግኤስኪውኤሉም፣ ይህን የተወረሰ ልቅ ፈቃድ አያጸዱም ነበር። የፖስትግሬስ ፕሮጀክት ግንቦት መጀመሪያ 2011 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሜይ 9 ቀን 2019፣ ጉድለቱን ሲቪኢ (የታወቁ የደኅንነት ጉድለቶች መዝገብ) 2019-10128 እና 2019-10127 በሚሉ መለያዎች አሳወቀ፤ ማስተካከያው ከ11.3፣ 10.8፣ 9.6.13፣ 9.5.17 እና 9.4.22 ኢንስታለሮች ጋር ወጣ። እናንተ የጫናችሁት 11.2 ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ለ«ኤቭሪዋን» ከመስጠታችሁ በፊትም ፎልደሩ ክፍት ነበር ማለት ነው።

ሊኑክስ ላይ ይህ ስህተት ራሱን ያጋልጣል። የዳታ ፎልደሩ ፈቃድ 0700 (ለባለቤቱ ብቻ)፣ ከ11 ወዲህ ደግሞ ቢበዛ 0750 (ቡድኑም ማንበብ የሚችልበት) ካልሆነ ፖስትግሬስ አልነሳም ብሎ ምክንያቱን ሎግ ላይ ይጽፋል። ዊንዶውስ ላይ ግን ያ ፍተሻ የለም። ፎልደሩ ለዓለም ሁሉ ክፍት ሆኖም ሰርቪሱ በሰላም ይነሳል፣ ለዓመታትም ይሠራል። «ችግር ቢኖረው ይነግረን ነበር» የሚለው ግምት እዚህ አይሠራም።

አሁን ወደ መብራቱ ጉዳይ። ሰርቪሱ በፈቃድ ምክንያት አልነሳ ካለ የጎደለው አንድ ስም ነው፤ ሰርቪሱ የሚሠራበት አካውንት። ለ«ኤቭሪዋን» መስጠት የሚሠራው ያ አካውንት «ኤቭሪዋን» ውስጥ ስለሚገባ ብቻ ነው። ከመብራት መጥፋት በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ፈቃድ አይደለም፤ ሰርቪሱ ሲሠራ የሚፈጥረውና ሳይጠፋ የቀረ የፒአይዲ ፋይል፣ የተጎዳ ፋይል፣ ወይም ረጅም የማገገም ሥራ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ በዳታ ፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሎግና የዊንዶውስን «ኢቨንት ቪውወር» ያንብቡ፤ ፈቃድ የሚነካው ሎጉ «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ የፋይሉን ስም ሲጠራ ብቻ ነው።

የማሳደጉን ጥያቄ ልመልስ። አዲሱ ኢንስታለር የነባሩን ጭነት ፎልደሮች ፈቃድ እንዲያስተካክል ተደርጓል፤ 11.22ም የራሱን የፕሮግራም ፋይሎች በአዲስ ይተካል። ነገር ግን በ«ቢን» ውስጥ ሌላ ሰው የጨመረውን ፋይል አይሰርዝም፣ «ፒጂ ኤችቢኤ»ንና የኮንፊግ ፋይሉን አይመረምርም፣ በሌላ ቦታ ያሉ ቴብልስፔሶችን (ከዳታ ፎልደሩ ውጭ ያሉ የዳታ ማስቀመጫዎችን) እና የባክአፕ ፎልደሮችን አይነካም፣ የተነበበ ሃሽንም አይመልስም። በዚህ ላይ 11.22 የዚያ ዘር የመጨረሻው ነው፤ ከኖቬምበር 2023 በኋላ ለ11 የደኅንነት ማስተካከያ አይወጣም።

ስለዚህ ምክሬ ሁለት ደረጃ አለው፦ ዛሬ ማታ ፎልደሩን ይዝጉ፤ ከዚያ በአንድ ወር ውስጥ በአዲስ ጭነት ይተኩት። ነባሩ ፎልደር ለዓመታት ክፍት ስለነበር መጠገን ብቻውን እምነት አይመልስም።

ለዛሬው ሥራ ግማሽ ሰዓት የሚሆን የሥራ ማቆሚያ ያስፈልጋል። መጀመሪያ «ሰርቪስስ» የሚለውን መስኮት ከፍተው የፖስትግሬሱን ሰርቪስ «ፕሮፐርቲስ» ይዩ። የመጀመሪያው ገጽ የፕሮግራሙንና የዳታ ፎልደሩን አድራሻ ያሳያል፤ «ሎግ ኦን» የሚለው ገጽ አካውንቱን። ከታች «ኔትወርክ ሰርቪስ» የምለው የእናንተም እሱ ከሆነ ነው፤ ሌላ ከሆነ በዚያ ይተኩት። ሙሉ ባክአፕ ይውሰዱ። ያለውን የፈቃድ ዝርዝርም «አይካክልስ» በሚባለው የዊንዶውስ ትዕዛዝ ከ«ሴቭ» አማራጩ ጋር ወደ ፋይል ያስቀምጡ፤ አንድ ነገር ቢበላሽ መመለሻ ይሆናል፣ ለኦዲተሩም የ«በፊት» ማስረጃ ነው። ከዚያ ሰርቪሱን ያቁሙ።

ሥራው ከላይኛው ፎልደር፣ ከ«ፒጂ11»፣ ይጀምራል። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ፣ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ሴኩሪቲ»፣ «አድቫንስድ»። መጀመሪያ ባለቤቱን ይዩ። የአንድ ፎልደር ባለቤት ፈቃዱ ቢነሳበትም መልሶ ለራሱ መስጠት ይችላል፤ ስለዚህ ባለቤቱን «አድሚኒስትሬተርስ» ያድርጉና ለውስጥ ፎልደሮችም እንዲተላለፍ የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉ። ቀጥሎ «ዲሴብል ኢንሄሪታንስ» የሚለውን ይጫኑ። ሁለት ምርጫ ይሰጥዎታል፤ «ኮንቨርት» የሚለውን ይውሰዱ። ሁሉንም የሚያጠፋውን ከመረጡ የራስዎን መግቢያ ጭምር ይቆልፋሉ። አሁን «ኤቭሪዋን»፣ «ዩዘርስ»፣ «ኦተንቲኬትድ ዩዘርስ» እና «ክሪኤተር ኦውነር» የሚሉትን ያስወጡ። «ሲስተም» እና «አድሚኒስትሬተርስ» በ«ፉል ኮንትሮል» ይቆዩ። «ኔትወርክ ሰርቪስ»ን በ«ሪድ ኤንድ ኤክስኪዩት» ብቻ ይጨምሩ፤ ስሙን ሲፈልጉ ቦታው ዶሜኑ ሳይሆን ራሱ ኮምፒውተሩ መሆኑን ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ አይገኝም። መጨረሻ ላይ ከታች ያለውን፣ የውስጥ ፎልደሮችን ፈቃድ በዚህ የሚተካውን ሳጥን ምልክት አድርገው «አፕላይ» ይበሉ። ይህ ሳጥን ከተረሳ ውስጥ ያሉት በእጅ የተሰጡ ፈቃዶች እንዳሉ ይቀራሉ፤ ተራ ተጠቃሚ ደግሞ የላይኛው ፎልደር ቢዘጋበትም ሙሉ አድራሻውን ካወቀ ወደ ውስጠኛው ክፍት ፎልደር መድረስ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ «ዳታ» ፎልደሩ ይግቡና ለ«ኔትወርክ ሰርቪስ» «ፉል ኮንትሮል» ይጨምሩ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጡት የላይኛው ምትክ የዳታውን ያጠፋውና ሰርቪሱ አይነሳም። ሰርቪሱ በ«ቢን» እና የላይብረሪ ፋይሎች ባሉበት በ«ሊብ» ላይ የመጻፍ ፈቃድ የማይሰጠው ሆን ተብሎ ነው፤ ዳታቤዙ ውስጥ የገባ አጥቂ የፕሮግራሙን ፋይሎች መቀየር እንዳይችል።

«ዲናይ» የሚለውን ዓይነት ፈቃድ አይጠቀሙ። «ዩዘርስን ልከልክል» ብሎ መከልከል ብልህነት ይመስላል፤ ነገር ግን «ኔትወርክ ሰርቪስ»ም አድሚኑም በዚያ ቡድን ስለሚቆጠሩ ክልከላው ሁሉንም ያቆማል። ማስወጣት ይበቃል። በፎልደሩ «ፕሮፐርቲስ» የፊት ገጽ ላይ ያለው «ሪድ ኦንሊ» ምልክትም ለደኅንነት ምንም አይሠራም። አንድ ሌላ ነገር፦ ከዚህ በኋላ ዳታ ፎልደሩን በ«ኤክስፕሎረር» ሲከፍቱ «ኮንቲኒው» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ሲጫኑት ዊንዶውስ የእርስዎን አካውንት በስም ፈቃዱ ዝርዝር ውስጥ በቋሚነት ያስገባዋል። አይጫኑት፤ በአድሚን ሥልጣን የተከፈተ ኮማንድ መስኮት ይጠቀሙ።

ሲጨርሱ ይፈትኑት። በተራ አካውንት ገብተው «ቢን» ውስጥ አዲስ የጽሑፍ ፋይል ለመፍጠርና «ፒጂ ኤችቢኤ»ን ለመክፈት ይሞክሩ፤ ሁለቱም መከልከል አለባቸው። የሂሳብ ሶፍትዌሩ ሲገባ ግን ምንም ለውጥ ሊኖር አይገባም፤ እሱ የሚሠራው በፖርቱ በኩል ነውና የፎልደሩ ፈቃድ አያስፈልገውም። ሶፍትዌሩ ከቆመ ፋይሎቹን በቀጥታ የሚነካ ክፍል አለው ማለት ነው፤ ያንን ከሠሪው ጋር መፍታት እንጂ ፎልደሩን መልሶ መክፈት መፍትሔ አይደለም።

አሁን ምርመራው። በኮንፊግ ፋይሉም፣ «ኦቶ ኮንፍ» በሚባለው ሁለተኛው ፋይልም ውስጥ በስማቸው «ፕሪሎድ ላይብረሪስ» ያለባቸውን ቅንብሮች፣ «አርካይቭ ኮማንድ»ን እና የዳይናሚክ ላይብረሪ አድራሻውን ይዩ፤ እናንተ ያልጻፋችሁት ካለ ጥሰት ነው ብላችሁ ቁጠሩት። በ«ፒጂ ኤችቢኤ» ውስጥ «ትረስት» የሚል መስመር ይፈልጉ። ዳታቤዙ ውስጥ ሱፐርዩዘር የሆኑትን ሮሎች (የዳታቤዝ ተጠቃሚዎች) ዘርዝሩ፤ የማታውቁት ስም መኖር የለበትም። የ«ቢን» እና «ሊብ» ፋይሎችን ደግሞ በሌላ ንጹሕ ማሽን ላይ ከተጫነ 11.2 ጋር በሃሽ ያወዳድሩ፤ በፓወርሼል «ጌት ፋይልሃሽ» የሚባለው ትዕዛዝ ይሠራዋል። የተለየ ወይም የተጨመረ ፋይል ካገኙ ሰርቨሩን ከኔትወርክ ነጥለው ሳይሰርዙ ያቆዩት፤ ጉዳዩ ያኔ የአይቲ ክፍሉ ብቻ አይደለም።

ምንም ባይገኝም አዲሱን ጭነት አይተዉት። ወደ 16 ወይም 17 ይሂዱ፤ በመጀመሪያ ግን የሂሳብ ሶፍትዌሩ ሠሪ የትኛውን እንደሚደግፍ በጽሑፍ ይጠይቁ። ኢንስታለሩን ከ«ዳውንሎድስ» ፎልደር አያስኪዱት። በ2020 የተስተካከለው ሲቪኢ 2020-10733 የዊንዶውሱ ኢንስታለር አብሮት ባለው ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ የሌላ ሰው ፕሮግራም ሊያስኬድ ይችል እንደነበር ያሳየ ነው፤ በአድሚን ብቻ የሚከፈት ባዶ ፎልደር ውስጥ ብቻውን አስቀምጠው ያስኪዱ። ፕሮግራሙ በነባሪው ቦታ፣ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ፣ ይቀመጥ። ዳታው በቦታ ጥበት ምክንያት ዲ ድራይቭ ላይ መሆን ካለበት ፎልደሩን አስቀድመው ፈጥረው ከላይ ባልኩት መንገድ ይዝጉት፣ ከዚያ ለኢንስታለሩ ያሳዩት። ጭነቱ ሲያልቅ ዝርዝሩን ዳግም ይዩ።

ዳታውን የሚያወጡት ሁሉንም ወደ አንድ የደምፕ ፋይል በሚጽፈው በአዲሱ ቨርዥን «ፒጂ ደምፕኦል» ነው፤ ፎልደር በመቅዳት አይሆንም። የደምፕ ፋይሉ የይለፍ ቃል ሃሾችን ይይዛልና እሱም የተዘጋ ፎልደር ይፈልጋል። የድሮውን የኮንፊግ ፋይል እንዳለ አይቅዱ፤ የሚያስፈልጉትን እሴቶች እያነበቡ በእጅ ያስገቡ። ደምፑ ሮሎችንና ፈንክሽኖችን አብሮ ስለሚያመጣ አጥቂ የተወው ሱፐርዩዘር ካለ አብሮ ይመጣል፤ ከመክፈትዎ በፊት ያጣሩ። ከዚያ የሁሉንም አካውንት ይለፍ ቃል ይቀይሩ። ከ14 ወዲህ ነባሪው ስክራም የተባለው ጠንከር ያለ የይለፍ ቃል አያያዝ ነው፤ ነገር ግን የቆየው የኤምዲ5 ሃሽ በደምፑ ስለሚመጣ ይለፍ ቃሉ በአዲስ ካልተሰጠ እንደ ድሮው ይቆያል። ስክራም ሲበራ የቆየ ድራይቨር (ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኝ ክፍል) ያለው ሶፍትዌር «ኦተንቲኬሽን ታይፕ 10» አይደገፍም የሚል ስህተት ያሳያል። መፍትሔው ድራይቨሩን ማሳደግ ነው። እስከዚያ ድረስ ለዚያ አንድ አካውንት ኤምዲ5 ማቆየት ይቻላል፤ «ትረስት» ማድረግ ግን በምንም ሁኔታ አይገባም።

ከዳታቤዙ ፎልደር ውጭ ያሉት ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ማታ ባክአፕ የሚወስደው ስክሪፕት የይለፍ ቃሉን በግልጽ ጽፎ በክፍት ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ፣ ወይም የባክአፕ ፋይሎቹ በሼር ፎልደር ለሁሉም የሚነበቡ ከሆነ፣ የተዘጋው ፎልደር ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስክሪፕቱ ራሱ በተራ ተጠቃሚ ሊቀየር ከቻለና የሚያስኬደው አድሚን ከሆነ ደግሞ ከፖስትግሬሱ ጉድለት ይከፋል። ለፍጥነት ተብሎ የዳታቤዙ ፎልደር ከጸረ-ቫይረስ ፍተሻ ውጭ ተደርጎ ከሆነም ነጻነቱ ለዳታ ፎልደሩ ብቻ ይሁን፤ «ቢን» እና «ሊብ» መፈተሽ አለባቸው።

ይህ ሁሉ የማይከላከለው ነገር አለ። የአድሚን ሥልጣን ያለው ሰው ፈቃዱን በሁለት ደቂቃ ይመልሰዋል፤ ማሽኑን ነቅሎ ሃርድ ዲስኩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካም ፈቃዱን አያየውም። ለመጀመሪያው የአድሚን አካውንቶችን ቁጥር መቀነስና ገንዘብ ያዧን ከሰርቨሩ ማውጣት፣ ለሁለተኛው ዲስኩን በ«ቢትሎከር» ማመስጠር ነው መልሱ። ለኦዲተሩ የሚላከው ምላሽ ላይ በፊትና በኋላ የተቀመጡትን ሁለት የፈቃድ ዝርዝሮች፣ የሃሽ ማወዳደሪያውን ውጤትና አዲሱ ጭነት የሚጠናቀቅበትን ቀን አያይዙ።